ጋቢ ያዡ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ፎቶ ቤቴ ገብታ ባንኮኒው ላይ ጥቁር ቀለበት አስቀመጠች። ለጣት የምትሆን አይደለችም፤ የድሮ ሌንስን ከአዲስ ካሜራ ጋር የምታገናኝ፣ አዳፕተር የሚሏት የብረት ቀለበት ናት። ጠርዟ ላይ ያለውን ጭረት ሳይ ማን እንደላካት ገባኝ።

"የሞላ ልጅ ነኝ፤ ከኮን ከተማ ነው የመጣሁ። አባቴ 'የሌንስ አቀያየር እሱ ያሳይሽ' ብሎ ነው" አለችኝ።

ከሚሊኒየሙ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ ላሊበላ እንግዳ የማይጠፋባት ጊዜ፣ እኔና ሞላ አብረን ፎቶ እናነሳ ነበር። ካሜራው የእሱ ነው፤ አንድ ቱሪስት ወደ አገሩ ሲመለስ ከአንድ ሰፊ ሌንስ ጋር ሰጥቶት የሄደ። ፊት የሚያሳምረው ከባዱ የሩሲያ ሌንስ ደግሞ የእኔ፤ አጎቴ ከድሮ ፎቶ ቤቱ ያወረሰኝ። ካሜራውና ሌንሱ በቀጥታ አይገጥሙም፤ ያገናኘቻቸው ያቺ ቀለበት ናት። እኛንም ያገናኘችን እሷው ናት ማለት ይቻላል።

ጠንቃቃው እኔ ስለነበርኩ ሥርዓቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ካሜራውን ማጥፋት፣ ከዚያ አፉን ወደ መሬት መዘቅዘቅ። ሌንሱ ለብቻው አይፈታም፤ ከነቀለበቱ ይወጣል፣ ከነቀለበቱ ይገባል። የላስታ ነፋስ በበጋ እንደ ዱቄት የላመ አቧራ ይዞ ስለሚዞር አንዳችን ጋቢ ዘርግተን እንከልላለን። ቀለበቷ ቦታዋን ስትይዝ ቀጭ ትላለች። የሚገጥመው "ሰማህ?" ይላል፤ ጋቢ የያዘው ጆሮውን አስጠግቶ "ሰማሁ" ካላለ ካሜራው ቀና አይልም።

እየዋለ እያደረ ግን ጋቢ ያዡ እኔ ብቻ ሆኜ ቀረሁ። ሰው ሁሉ "ሞላ ያንሳኝ" ይላል። እኔ ፊት እንደ ግንድ የሚገተሩ ካህናት ለእሱ ፈገግ ይላሉ፤ ያውም በገዛ ሌንሴ! እጁ ከእጄ ይሻል ነበር። ያኔም አውቀዋለሁ፤ አንጀቴን ያሳረረኝም ማወቄ ነው። ቀናሁበት። አሳሳቁ ሳይቀር ያናድደኝ ጀመር።

የአስተርእዮ ማርያም ዕለት አሸተን ማርያም ወጣን። አቀበቱን የሽምብራ ቆሎ እየቆረጠምን ጨረስነው፤ ከንግሡ በኋላም ከምእመኑ ጋር የገብስ ጠላ ቀመስን። ዕድሜ ልካቸውን ፎቶ ተነስተው የማያውቁ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ነበሩ። ልጆቻቸው በስንት ልመና አግባብተው ገደሉ አፋፍ አጠገብ አቆሟቸው። ካሜራው እጄ ላይ ስለነበር ጠጋ አልኩ። መሪጌታ በመቋሚያቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

"አንተ ልጄ፣ ጋቢ ያዡ አይደለህ? በል ያንን ሞላን ጥራልኝ።"

የቆመው ሁሉ ሳቀ። ሞላም እየሳቀ መጣ። ካሜራውን ተቀብሎ ሰፊውን ሌንስ አወጣና የእኔን ይገጥም ጀመር። ጋቢውን ዘረጋሁ። ነፋሱ ይወጥረዋል፤ ከበሮው ገና አላበቃም።

"ሰማህ?" አለኝ።

ምንም አልሰማሁም።

"ሰማሁ" አልኩት።

በመሪጌታው ፊት ትንሽ ይፈር፣ ፎቶው ይበላሽበት፤ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ካሜራውን ቀና ሲያደርገው ሌንሱ ከነቀለበቱ ሾልኮ ወደቀ፤ ድንጋይ ላይ ነጥሮ ወደ ገደሉ ሄደ። ሞላ ሊቀልበው ተወረወረ። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፣ ቀበቶውን ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኩት። ሁለታችንም አቧራው ላይ ተዘረርን።

ሞላ በሚያወርደው መንገድ ዞሮ ገደሉ ሥር የወደቀውን ለቃቅሞ ሲመለስ መስታወቱ እንክትክት ብሏል። ቀለበቷ ተጭራለች እንጂ ደህና ናት። መሪጌታው በድንጋጤ ፎቶውን ትተው ሄዱ፤ ዓመት ሳይሞላ አረፉ።

በማግስቱ ሞላ ካሜራውን ይዞ ቤቴ መጣ። "የአጎትህን ቅርስ ሰበርኩብህ፤ አንተ ደግሞ ነፍሴን አተረፍክልኝ። ይኸው፣ ያንተ ነው" አለኝ። "ኧረ ተው" አልኩት፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ቀለበቷን ለመታሰቢያ ይዞ ኮን ሄደና ወረዳ ጽሕፈት ቤት ተቀጠረ። ፎቶ ማንሳቱንም በዚያው ተወው። እኔ ይህን ፎቶ ቤት የከፈትኩት በእሱ ካሜራ ነው።

ልጅቷ ከቦርሳዋ ካሜራና አሮጌ ሌንስ አወጣች። አባቷ የነገራትን ያህል ልትሞክር ካሜራውን አጠፋች፤ አፉን ወደ ታች አደረገች። እጇ የአባቷን ይመስላል።

"አባቴ ስለ እርስዎ አውርቶ አይጠግብም። 'ከገደል አፋፍ የመለሰኝ እሱ ነው' ይላል" አለችኝ።

ሰው ካሜራውን አስረክቦ፣ የሚወደውን ሥራ ትቶ፣ ይህን ሁሉ ዓመት በምስጋና ኖሯል። እኔ ካሜራውን ይዤ አንድም ቀን እንዲህ ቀልሎኝ አላደርኩም። በዚህ ዕድሜዬ እንደገና ቀናሁበት።

ሌንሱን ከነቀለበቱ አስገብታ አዞረች። ውጭ ባጃጅ እያጓራ አለፈ። ቀና ብላ አየችኝ።

"ሰሙ?"

"አልሰማሁም" አልኳት። ከዚያ ለአባቷ እንድትደውልልኝ ለመንኳት።