አማቴ ግራሩ ሥር የሰገደችው

ድሬዳዋ አድጌ ሀርጌሳ ያገባሁ ሴት ነኝ። ባሌ ባሕር ማዶ ስለሚሠራ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ደረቁ ወንዝ ዳር ያለችውን የዘይቱን ማሳ የምንይዘው እኔና አማቴ ነን። እሷም ሀርጌሳ በጦርነት ስትፈርስ የስደቱን ዘመን ድሬ ስላሳለፈች አማርኛዋ ጥርት ያለ ነው። በሶማሊኛ ሆዮ እላታለሁ፣ እናቴ ማለቴ ነው። አንቱታ እንደሁ እኛ ድሬዎች አልፈጠረብንም።

ያን ዓመት ወፎቹ አሳበዱኝ። ዘይቱኑ ገና ቢጫ ማለት ሲጀምር ወጋ ወጋ አድርገው ይጥሉታል። ማደሪያቸው ማሳው ዳር ያሉት ትልልቅ ግራሮች ናቸው።

«ሆዮ፣ እነዚህ ግራሮች ይቆረጡ!» አልኳት።

«ወፍ የበላው ሰደቃ ነው።»

«አቦ፣ ሰደቃው እኛኑ ሊያስለምነን ነው እኮ! ዘንድሮ ምርቱ ካልያዘልኝ፣ ወላሂ ማሳውን ትቼ ድሬ እገባለሁ።»

ቀና ብላ አየችኝና ወደ ቤት ገባች።

በማግስቱ ከሰል የሚያከስል ሰውዬ ይዤ መጣሁ። ሆዮ ቀድማን ግራሩ ሥር መስገጃዋን አንጥፋለች። የዙሁር ሶላት ነው፣ ትጨርስ ብለን ቆምን። ጨረሰች ስንል ትርፉን ሶላት፣ ሱናውን ጀመረች። ሱናው አለቀ ስንል ተስቢሗን ይዛ መቁጠር ጀመረች፣ ከዚያ ደግሞ ብድግ! ሰውዬው መጥረቢያውን ታቅፎ ቆሞ ቆሞ የአስር ሶላት ደረሰበት። እሱም ራቅ ብሎ ሰገደና፣ «እኔ ሰው የሚሰግድበትን ዛፍ አልነካም» ብሎኝ ሄደ። እንዴት እንደተናደድኩ! የእሷን እልህ ሳይ ግን ሳቄ መጣ።

ከዚያ ወዲያ እሷ እንደመከረችኝ በቤቱ በኩል ያሉትን ዘይቱኖች በአሮጌ አጎበር ሸፈንን፤ ግራሩ አጠገብ ያሉትን ለወፎቹ ተውንላቸው። የተሸፈነው ለገበያ በቃን። ማሳው ጥግ የተከልነውን ቲማቲም ትል ሲወረው ደግሞ እነዚያው ወፎች ወርደው ሲለቅሙልን ዋሉ። ጎረቤቶቻችን መድኃኒት ሲረጩ እኛ ሳንረጭ ተወጣነው። አልሐምዱሊላህ።

የዘይቱኑ ለቀማ ያለቀ ዕለት፣ ጥላው ሥር አረፍ እንዳልን ጠየቅኳት።

«ያን ቀን ያን ሁሉ ሰዓት ስትለምኚ የዋልሽው ለግራሩ ነው?»

«ግራሩማ ሰውዬው ሲሄድ ተረፈ» አለችኝ፣ ነጠላ ጫማዋን አራግፋ እያጠለቀች። «እኔ የለመንኩት አንቺ እንዳትሄጂብኝ ነው።»

አንጀቴን በላችው። እጇን ይዤ ሳምኳት፤ ድሬን ዳግም አላነሳሁባትም።