ለመፈተሽ ብዬ ያጠፋሁት ሰርግ

ይህ የደረሰብኝ ከሦስት ዓመት በፊት፣ መቱ ላይ ዝናቡ አላባራ ባለበት አንድ የነሐሴ ሳምንት ነው። እረሳዋለሁ ብዬ ነበር፤ አልረሳሁትም። እውነቱን እስከ ዛሬ ለማንም ስላልተናገርኩ ይመስለኛል።

መናኸሪያው አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። አርባን አልፌያለሁ፣ የልጆች አባት ነኝ፣ ሰው ጋሼ ታምሩ ይለኛል። ለሰው የማላወራው አንድ አመል ግን አለኝ፦ ጌም እወዳለሁ። በዚህ ዕድሜ ያሳፍራል፤ ቢሆንም እወዳለሁ።

አንድ ጠዋት ሰለሞን የሚባል የሰርግ ቪዲዮ የሚቀርጽ ደንበኛዬ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ለጌም የተሠራ ትልቅ ላፕቶፕ ነው። የሰርግ ቀራጮች እንዲህ ዓይነቱን የሚገዙት ሊጫወቱበት አይደለም፤ ግራፊክስ ካርዱ ጠንካራ ስለሆነ ቪዲዮውን ቶሎ ይሠራላቸዋል።

«ኤዲት ሳደርግ ስክሪኑ ድርግም ይልብኛል። ጋሼ፣ ዛሬውኑ ይድረስልኝ፤ በጣም ቸኩያለሁ» አለኝ። ለምን እንደቸኮለ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

ስከፍተው ማራገቢያው በአቧራ ተደፍኗል፤ ካርዱን የሚያቀዘቅዘው ቅባትም ደርቋል። ጠራርጌ፣ አዲስ ቅባት ቀብቼ ገጠምኩት። የቀረው ካርዱ ሥራ ሲበዛበት ይችል እንደሆነ መፈተሽ ብቻ ነበር። ለዚህ የሚሆን ትንሽ ፕሮግራም ፍላሼ ላይ አለኝ፤ ሃያ ደቂቃ ካሠሩት ይበቃል።

እኔ ግን ፍላሹን አልነካሁም። ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት አንድ ከባድ ጌም ነበረኝ። ዓመት ሙሉ ሱቄ በገባ ኮምፒውተር ሁሉ ላይ ሞክሬው አንዱም አልቻለውም። ይሄኛው እንደሚችለው ሳውቅ ልቤ ተንጠለጠለ። መፈተሽ አይደል? በዚሁ እፈትሸዋለሁ አልኩ።

ጌሙ ዘጠና ጊጋ ይፈልጋል። ዲስኩ ላይ ያለው ክፍት ቦታ አርባ ነው። ፋይሎቹን ስበረብር ስም ያልተሰጠው አንድ ትልቅ ፎልደር አገኘሁ። ውስጡ ካሉት ቪዲዮዎች አንዱን ስከፍት ኖፓ በምትባለው በአካባቢያችን ባለች ከተማ የተቀረጸ ሰርግ ነው፤ ሰው ይጨፍራል። ቀኑን አየሁ፤ የዓምና ጥር። የሰርግ ቀራጮች ለባለቤቱ ያስረከቡትን እንኳ ለማጥፋት ይሰንፋሉ፤ ላፕቶፓቸው ሲሞላ ከአሮጌው ሰርግ ጀምረን የምናጸዳላቸው እኛ ነን። ዓመት ከመንፈቅ ያለፈው ሰርግ እስካሁን ሳይሰጥ አይቀርም ብዬ አጠፋሁት። ለሰለሞን ልደውልና ልጠይቀው ብል አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር።

ጌሙ እንዴት እንደሠራ አልዋሽም፤ ግሩም ነበር። የፈረሱ ጋማ ሳይቀር በንፋስ ይወዛወዛል። ማራገቢያው ይጮሃል፣ ሙቀቱ ግን ከልኩ አላለፈም። በሃያኛው ደቂቃ ላፕቶፑ ጤነኛ እንደሆነ አውቄያለሁ። እኔ እስከ ምሳ ሰዓት ተጫወትኩ። ደንበኛ ሲመጣ አንገቴን እንኳ ሳላቀና «ቴስት ላይ ነኝ» እላለሁ።

ከሰዓት ሰለሞን መጣ። ላፕቶፑ መዳኑን ስነግረው ደስ ብሎት ተቀመጠ፣ ከፈተው፣ መፈለግ ጀመረ።

«ጋሼ፣ የኖፓው ሰርግ የታለ?»

«ያ የዓምናው? ለቴስት ቦታ ጠቦኝ አጠፋሁት። አላስረከብከውም እንዴ?»

«ያ ዋቃዮ!» ብሎ ራሱን ያዘ።

አላስረከበውም። ሙሽራዋን ሌንሴን ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ «ኤዲት ላይ ነው» እያለ ሲያመላልሳት ኖሯል። አባቷ በዚያ ሰርግ ላይ ቆመው በኦሮምኛ መርቀዋታል። ከሦስት ሳምንት በፊት አርፈዋል። ሌላ ቦታ የተቀረጸ ድምፅ የላቸውም። ልጅቷ በየቀኑ እየደወለች «ሌላው ይቅርብኝ፤ ለአርባው የአባቴን ምርቃት ብቻ አውጣልኝ፣ ድምፁን ልስማው» ትለዋለች። የካሜራው ሚሞሪ ካርድ ላይ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ስንት ሌላ ሰርግ ቀርጾበታል።

ክው አልኩ። የልጅቷን አባት ድምፅ ሰርዤ፣ በላዩ ላይ ጌም ጭኜበታለሁ።

ሁለት ቀን ሌላ ሥራ አልሠራሁም። የጠፋ ፋይል የሚመልሱትን ፕሮግራሞች ሁሉ ሞከርኩ። የኬኩ ቆረጣ ተመለሰ። የሚዜዎቹ ጭፈራ ተመለሰ። የመኪኖቹ ሰልፍ አንድም ሳይጎድል ተመለሰ። ከምርቃቱ ግን የተገኘው አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። አባትየው ከወንበራቸው ይነሳሉ፣ ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ፣ እጃቸውን ዘርግተው አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ምስሉ ቀጥ ይላል። የሚሰማው የሰርገኛው ጫጫታ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሰለሞን ሌንሴን ይዟት መጣ። ጥቁር ለብሳለች። ገና ሳትቀመጥ «ኮምፒውተሩ ሞቶ ነበር፤ ይቺንም ያተረፋት ጋሼ ታምሩ ነው» አላት። የሸፈነው የራሱን ስንፍና ነው፤ እግረ መንገዱን እኔንም ሸፈነኝ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ላፕቶፑን ወደ እሷ አዞርኩላት።

አሥራ አንዷን ሰከንድ ደጋግማ አየቻት። «አባ ኮ፣ አባቴ» ትላለች በየመሃሉ፣ በቀስታ፣ አጠገቧ የቆሙ ይመስል። በመጨረሻ ቀና ብላ «ጋሼ፣ ቀሪው በምንም አይገኝም?» አለችኝ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና «መሣሪያ ነው ልጄ፣ ይበላሻል፤ ምን ይደረጋል» አልኳት።

ብድግ ብላ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። «ገለቶማ፣ ጋሼ። እርስዎ ባይኖሩ ይቺንም አላገኝም ነበር። እጅዎ ይባረክ» አለችኝ። ቢሰድቡኝ እችለው ነበር፤ ምርቃቷን ግን አልቻልኩትም።

ጌሙን የዚያን ዕለት አጠፋሁት። ይህ ለእሷ ምን ይረባታል? ምንም። ሌንሴ አሁን የምትሠራው እዚሁ መቱ ነው። የዘመድ ስልክ ሲበላሽ ወደ እኔ ትልካለች፤ ሰው ይዛ ስትመጣም «የአባቴን ቪዲዮ ያተረፉልኝ እሳቸው ናቸው» ብላ ታስተዋውቀኛለች። እኔም አቀርቅሬ ስልኩን እፈታለሁ። ሁለት ጊዜ ልነግራት ተነስቼ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ፈርቼ ስለ ዝናብ አውርቼ ተለያየን። እሷ ዛሬም የምትጸጸተው ቪዲዮውን ለምን ቶሎ አልተቀበልኩትም እያለች በራሷ ነው፤ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው።

እዚህ ላይ የሁሉንም ሰው ስም ቀይሬያለሁ፤ የራሴንም ጭምር። ኖፓን ግን አልቀየርኩም፤ አሥራ አንዱንም ሰከንድ አልቀየርኩም፤ ካነበብሽው እንድታውቂው ብዬ ነው። ኮምፒውተሩ አልሞተም ነበር፣ ልጄ። በእጄ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ያጠፋሁትም ልፈትሽ ብዬ አይደለም፤ ልጫወት ብዬ ነው።