ሲንቄ የጫነች ባጃጅ

አይወጣም ነው የምትሉት? ባጃጅ ሰው ጭኖ ከሮቤ ጎባ ዳገቱን አይወጣም? የእናንተ አይወጣም። የኔ ወጥታለች፣ ያውም ዘንግ ጭና። ባጃጅ ተራው ላይ ባወራሁ ቁጥር “ደግሞ ጀመረው” እያላችሁ ስለምትስቁ ይኸው በጽሑፍ አደረግኩት። ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ነው የተውኩት፣ ፊደሉ ቢንጋደድም አንብቡት።

አምና ነው፣ ሐሙስ፣ የገበያ ቀን። ያቺን ቀን የማልረሳት ጀግና ስለሆንኩባት ነው። ትንሽም ስለተዋረድኩባት።

አዴ ዘይነባ የእናቴ ጎረቤት ናቸው። ሥራቸው ባል የሚደበድባቸውን ሴቶች ሐኪም ጋ፣ ፖሊስ ጋ ማድረስ ነው። የዚያን ቀን ደውለው “ባጃጅህን ይዘህ ና፣ አፍህን እዚያው ተወው” አሉኝ።

ስደርስ አንዲት ልጅ አብራቸው ቆማለች። ስሟን አልጽፍም፣ ሃዊ እንበላት። ሻሿን ወደ ፊት ስባዋለች፣ ግን አንድ ዓይኗ ማበጡ ይታያል። ከቤት ይዛ የወጣችው ሲንቄዋን ብቻ ነው። ሴት ስትዳር እናቷ የምትሰጣትን ቀጭን ዘንግ።

“ወዴት ነው?” አልኩ።

“ጎባ ሆስፒታል። ባሏ የመስመሩ ሚኒባስ ሾፌር ነው። መናኸሪያ ብንሄድ የማያውቃት የለም።”

“ዘንጉን ጣሪያው ላይ ልሰረው?”

“ሻንጣ መሰለህ እንዴ? ንዳ።”

ሲንቄው በጎን በኩል ክንድ ያህል ወጥቶ ሄድን። የጋሪ ፈረስ ሳይቀር ዞሮ ያየን ነበር። ልጅቷ እንዳትፈራ ብዬ ወሬ ጀመርኩ። “በዚች ባጃጅ ሳነቴ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ ቀድሜያለሁ” አልኳት።

“ሳነቴ ባጃጅ ይደርሳል?” አለች፣ ቀስ ብላ።

“አትመልሺለት፣ ይብስበታል” አሉ አዴ ዘይነባ።

ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ሚኒባስ ጥሩምባ እየነፋ አለፈንና ፊታችን ተጋድሞ ቆመ። ባሏ ነው። ማን እንደነገረው አልጠይቅም፣ ዘንግ ያወጣች ባጃጅ ያላየ ሰው ሮቤ ውስጥ አልነበረም።

ወረደ። “ነይ ውረጂ፣ ወደ ቤት እንሄዳለን” አላት። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። እሷ ሲንቄዋን ወደ ደረቷ ሳበች።

ጀግንነቴ እዚህ ጋ ነው የመጣው። ዘልዬ ወረድኩ፣ ሲንቄውን ከእጇ ነጠቅኩና አነሳሁበት። “አንድ እርምጃ ብትራመድ!” አልኩት።

እሱ ሳይሆን አዴ ዘይነባ ናቸው የመቱኝ። እጄን ቸብ አድርገው “ወንድ ሲንቄ ይይዛል? ያውም ለዱላ? መልስ” አሉኝ። መለስኩ። የከተማ ልጅ ነኝ፣ ከየት አውቄው። ባልየው ሳቀብኝ።

ሃዊ ዘንጓን ተቀብላ ወረደች። በሁለት እጇ ይዛ እሪ አለች። ወላሂ እንዲያ ያለ እሪታ ሰምቼ አላውቅም። በአካባቢው ካሉት ቤቶች ሴቶች ሥራቸውን ጥለው፣ ሲንቄያቸውን ይዘው ወጡ። ከገበያ የሚመለሱት ዕቃቸውን አስቀምጠው በሲንቄ ፈንታ እርጥብ ሳር ነጭተው መጡ። ከራሱ ሚኒባስ ሴቶቹ አንድ በአንድ ወረዱበት፣ ረዳቱ በሩን እንደያዘ ቀረ።

በባልየውና በሃዊ መሃል ተሰለፉ። በኛ አገር ያንን መስመር የሚሻገር ወንድ የለም። እሱም አልተሻገረም። ሳቁም ጠፋ።

አንዲት አሮጊት ወደ ሃዊ ዞሩ። “ልጄ፣ ምን ትፈልጊያለሽ? ሽማግሌ እንጥራልሽ?”

እኔ ፈራሁ፣ እዋሻለሁ እንዴ። እሺ ብትል ማታ ያው ቤት መግባቷ ነው።

“ሽማግሌ ሦስቴ አስታርቆኛል” አለች። “አሁን ጎባ ነው የምሄደው።”

“እንግዲያው መንገዱ የሷ ነው” አሉ አሮጊቷ። ሚኒባሱ ዳር ያዘ።

ልንነሳ ስንል አሮጊቷ “አንተ ነጣቂው፣ ኮቱ” አሉኝ፣ ወዲህ ና ማለታቸው ነው። በዚያ ሁሉ ሴት ፊት ሳር ነጭቼ፣ በሁለት እጄ ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። ሃዊ የሳቀችው ያኔ ነው። ያበጠ ዓይኗን ይዛ “ተው አታስቀኝ፣ ያመኛል” አለች።

ጎባ ገባን። ዳገቱ ላይ አንዴ ብቻ ወርጄ ባጃጇን ገፍቻታለሁ፣ እሱ አይቆጠርም። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ሐኪሟም ፖሊሷም ዐቃቤ ሕጓም አንድ ቦታ ናቸው፣ ታሪኳን አንዴ ተናግራ ጨረሰች። ከዚያ እንደሷ ያሉ ሴቶች የሚያርፉበት ቤት አደረስናት። አዴ ዘይነባ በሩ ላይ ጆሮዬን ይዘው “ይሄን ቤት አንተ አላየኸውም” አሉኝ።

ከሳምንት በኋላ ባልየው መጥቶ ባጃጄ ውስጥ ተቀመጠ። “የት አደረስካት?” አለኝ። ስለ ሞተሬ አወራሁለት። ስለ ዳገቱ፣ ስለ ቀይ ቀበሮው አወራሁለት። ታክቶት ወረደ። ስለ ቤቱ አንዲት ቃል አልወጣችኝም።

ዛሬ ክሱ ፍርድ ቤት ነው። ሃዊ ስፌት ተምራ ሥራ ይዛለች፣ ሻሿንም ወደ ኋላ ነው የምታስረው። እኔን ተራ ላይ “ባለሳሩ” ትሉኛላችሁ። ደስ ይለኛል፣ በዚያ ሳር ሃዊ ስትስቅ ስላየኋት።

አሁንም አላመናችሁም? ሐሙስ ገበያ ውጡና የጎባ መንገድ እናቶችን ጠይቁ። ሳሩንም ይነግሯችኋል፣ ችግር የለም። ከፈለጋችሁ ባልየውንም ጠይቁት፣ ቀበሮውን ሳይቀር በቃሉ ያውቀዋል።