የአያ ደረበ የአበባ ሥር

ባለፈው ሰሞን ምራቴ ከገበያ ስትመለስ አፈር የለበሰ ነገር በፌስታል ይዛ መጣች። እኔ ወረታ ካለው ቤታችን ጓሮ ቁጭ ብዬ ካሮቴን እኮተኩታለሁ።

«አባባ፣ አበባ ነው» አለችኝ። «ካሮቱን አንስተን እሱን ብንተክልበት ግቢው አያምርም?»

ፌስታሉን ገለጥ አድርጌ አየሁት። ጣት ጣት የመሰለ ወፍራም ሥር፣ አንገቱ ላይ የተያያዘ። ላላወቀ ሰው ስኳር ድንች ነው። እኔ ግን ገና ሳየው አወቅሁት፤ አፌ ምራቅ ሞላ። የረሃብ ምራቅ አይደለም፣ የቂም ነው።

«ካሮቴን እንዳትነኪብኝ» አልኋት። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል፣ ደነገጠች። በቤቴ ተቆጥቼ ስለማላውቅ አልፈርድባትም።

ነገሩ የጎረምሳነቴ ነው። ከጥሩዬ ጋር ከተጋባን ብዙም አልቆየንም፤ የመጀመሪያ ልጃችን ጡት ላይ ነበር። በዚያ ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብሰው የዘራነውንም ቤታችንንም ይዞብን ሄደ። የፎገራ ሰው ውኃ ብርቁ አይደለም። ሲሸሽለት በጭቃው ላይ ሽምብራውን ይዘራና ይረሳዋል። እኛ ግን የምንዘራው ዘርም አልተረፈንም። ልጁን አዝለን ወረታ፣ የጥሩዬ አጎት ዘንድ ገባን።

አጎቷ አያ ደረበ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። አንቱ ማለቴን ዛሬም አልተውሁም፣ ልማድ ነው። ከግቢያቸው ዳር አንዲት ክፍል ሰጡንና «ጓሮውም ባዶ ነው፤ የምታበቅለው ካለህ አብቅልበት» አሉኝ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ጥሩዬም ሰምታለች። ሐሙሲት ያለ ወዳጄ የስኳር ድንች ሐረግ ቆራርጦ ሰጠኝ፤ ተሸክሜ አምጥቼ መደብ ሠርቼ ተከልሁት። ጥር ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ክፉ ጊዜ እሱን እየቀቀልን እናልፈዋለን ብለን ነበር። ሥሩ ሲወፍር ከላይ ያለው አፈር ይሰነጠቃል። ጥሩዬ ጠዋት ጠዋት ልጁን አዝላ ሐረጉን ገለጥ እያደረገች መሬቱ ተሰንጥቆ እንደሆነ ታያለች።

ከመደቤ ጎን የአያ ደረበ አበባ ነበር። ከጎንደር ያስመጡት ነው፤ ስሙን እሳቸውም የሚያውቁት አይመስለኝም። ቁመቱ የሰው ደረት ይደርሳል፣ አበባው ድርብርብ፣ ጭብጥ የሚያህል፣ ቀይ። ማማሩስ ያምር ነበር፣ አልዋሽም። ጋቢያቸውን ተከናንበው መሐል ላይ ይቆሙና ሁለቱን ያስተያያሉ።

«ያንተው እንደ እባብ ይሳባል፤ የእኔው ቀና ብሎ ሰው ያያል» ይሉኛል።

«ቢሳብም ይበላል፣ አያ ደረበ።»

«ወይ አንተ! ከሆድ ሌላ አታውቅም» ብለው ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ሰው ቤት ተጠግቶ የማይስቅ የለም።

ኅዳር ሲገባ የሴት ልጃቸው ሠርግ ደረሰ። ዳስ ሊጣል ነው፤ በግቢው ውስጥ ደልደል ያለ ቦታ ያለው አበባው ዘንድ ወይም ድንቼ ዘንድ ነው።

«አያ ደረበ፣ አበባው ብርዱ ጀምሮታል፣ ከሠርጉ ማግስት መድረቁ ነው» አልኋቸው። «ድንቹ ገና እየወፈረ ነው። እባክዎን።»

«አማቾቼ ከይፋግ ሲመጡ ምን ይዩልኝ? ያንተን ሐረግ?»

«ልጅ አለኝ።»

«እኔም ልጅ እየዳርሁ ነው» አሉ።

በማግስቱ የጎደለ ነገር አምጣ ብለው ይፋግ ላኩኝ። ስመለስ ዳሱ ቆሟል። ሐረጌን የግቢው ላሞች ይበሉታል። ጥሩዬ የቀሚሷን ጫፍ ይዛ ከተቆፈረው አፈር ውስጥ የጣት ያህል እንኳ ያልሞሉ ሥሮች ትለቅማለች። አላለቀሰችም። ቀና ብላም አላየችኝ። የለቀመችውን ስትቀቅለው አያ ደረበ በዚያ ሲያልፉ ከድስቱ አንስተው ቀመሱና «ይኼማ ማር ነው» አሉ። በሠርጉ ዕለትም ለሙሽራው አባት፣ «ሌላ ጊዜ ሲመጡ ከጓሮዬ የሚበቅል ጣፋጭ ሥር አበላዎታለሁ» ሲሉ ሳስተናግድ ሰማሁ። ጓሮዬ አሉ።

የገና ጾም ገባ። አበባው ደርቆ አገዳው ብቻ ቆሟል። አንድ ቀን አያ ደረበ ጠሩኝ። የሙሽራው አባት በማግስቱ ይመጣሉ።

«ያ ጣፋጭ ሥር አልተረፈም?»

«ከየት ይተርፋል፣ አያ ደረበ?»

«ፈልጋ! ሥር ከመሬት የት ይሄዳል?»

«እሺ» አልሁ። እውነትም የትም አልሄደም። የአበባውን አገዳ ይዤ ስስበው እንዲህ በምራቴ ፌስታል እንዳየሁት ያለ ወፍራም ሥር ተያይዞ ወጣ። አንዱን ቀቅዬ አስቀድሜ ራሴ በላሁት። ሆዴ ትንሽ ጮኸ እንጂ ምንም አልሆንሁ። ሰው መግደል አልፈለግሁም፤ ማጉረስ ነበር የፈለግሁት። ከዚያ የአበባውን ሥር አንድ ሳላስቀር ቆፈርሁት።

እንግዳው ረጋ ያሉ የይፋግ ገበሬ ነበሩ። ከጾሙ ሰዓት በኋላ ማዕዱ ቀረበ፣ ሥሩም ተልጦ በትሪ መጣ። ባለቤት ይቅደም ብዬ ከአያ ደረበ ፊት በርከክ አልሁ፣ አንዱን በአዋዜ አገላብጬ፣ «በሞቴ» አልሁና አጎረስኋቸው። እጄን ሞልቶ ነበር። ሲያኝኩት እንደ ጥሬ ዱባ ይንኮሻኮሻል፤ ምሬቱ ኋላ ነው የሚመጣው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አማች ፊት ጉርሻ አይተፋም።

«እንዴት ነው፣ አያ ደረበ?» አሉ እንግዳው።

«ጣ... ጣፋጭ ነው።»

አንድ አጉርሶ እጅ መሰብሰብ ነውር ስለሆነ ሁለተኛውን ከፊተኛው አተለቅሁት። እሱም ወረደ። እንግዳው እጃቸውን ሲዘረጉ ግን ትሪውን ሳብ አደረግሁ።

«ለእርስዎ ሽሮ ይመጣል፣ አባቴ። ይኼ የአያ ደረበ አበባ ነው። ድንቼን ነቅለው ዳስ ጣሉበት፣ አበባውን ተዉልኝ። የተዉልኝን ቀቀልሁላቸው።»

ጥሩዬ ሽሮውን ይዛ ገባች። እንግዳው ጥሩዬን አዩ፣ ጀርባዋ ላይ ያለውንም ልጅ አዩ። «በዚህች ልጅ እህል ላይ ነው ያስቀመጡኝ?» አሉ ቀስ ብለው፣ እጃቸውን ታጥበው ተነሡ። ሽሮውንም አልቀመሱት። አያ ደረበ አፋቸውን በጋቢ ይዘው ቀሩ።

በበነጋው ወጣን፣ «ዓይናችሁን አልይ» ተብለን። ሐሙሲት መንገድ ላይ ጥሩዬ ድንገት ሳቅ ያዛት፣ ከመንገዱ ዳር እስክትቀመጥ ድረስ። ርብ ቤታችንን ከወሰደው ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ነው። ጥር ላይ ግን አልሳቅንም። ጡቷ ደረቀና ልጁ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያነጋ ነበር። እኔም የሰው ሩዝ ሳጭድ እየዋልሁ ያን የተቆፈረ መደብ አስበዋለሁ። ያ ልጅ ተርፎ አደገ፤ አበባውን ያመጣችው የዚች ምራቴ ባል እሱ ነው።

ኋላ ሽማግሌ ገብቶ ታርቀናል። ጉልበታቸውን ስሜአለሁ፣ ሲሞቱም መቃብራቸውን ከቆፈሩት አንዱ ነኝ። ለምራቴ ከካሮቴ ወዲያ በር አጠገብ ቦታ አሳየኋት፤ አበባው ምን አደረገኝ? ንስሐ አባቴ በየሁዳዴው «በልብዎ የቀረ ቂም የለም?» ይሉኛል። የሚጸጽተኝ እንደሌለ አይደለም፣ አለ። የጉርሻ ወጉ እስከ ሦስት ነበር፤ ሦስተኛውን ሳላጎርሳቸው ቀረሁ።