ካርታ አለኝ ያልኩ ዕለት

ያለ ኢንተርኔት ይሠራል የተባለው የመጀመሪያው የካርታ መተግበሪያ ገና ስከፍተው ኢንተርኔት ጠየቀኝ። ሁለተኛው ከአዲስ አበባ ውጭ አገር ያለ አይመስለውም። ሦስተኛውን ደብረ ማርቆስ ሆቴል ቁጭ ብዬ ታብሌቴ ላይ ጫንኩና፣ በማግስቱ ዲማ አካባቢ አባቱ የሞቱበት ባልደረባዬ ዘንድ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። "ሚኒባሱ ከሚያወርድህ ቦታ የሚቀበልህ ሰው ልላክ" ሲለኝ እንቢ አልኩ፤ ካርታ እያለኝ!

የእግር መንገዱ ድንገት አለቀና ራሴን ጤፍ ማሳ መሀል አገኘሁት። አረም የሚነቅሉ ሽማግሌ ቀና አሉ።

"ምን ጠፍቶህ ነው ልጄ?"

"ምንም አልጠፋኝም አባቴ። ካርታ አለኝ።"

"የምን ካርታ?"

"የዚህ አገር ሁሉ። ትናንት ማርቆስ ነው ያወጣሁት።"

"በማን ስም?"

ያኔ ነው የገባኝ። እሳቸው ዘንድ ካርታ ማለት የመሬት ባለይዞታነት ማረጋገጫ ነው። ላስረዳ ብዬ ታብሌቱን አሳየኋቸው፤ "ይቺ ሰማያዊ ነጥብ እኔ ነኝ፣ ይሄ ደግሞ የእርስዎ ማሳ" ስላቸው ጭራሽ አባስኩት። ሁለት ጎረቤቶቻቸውን ተጣሩ። ሦስቱም ዱላቸውን ይዘው እስከ ለቅሶ ቤቱ ደጅ አብረውኝ መጡ። ወይ ደግነት! እያልኩ ላመሰግናቸው ስል ሽማግሌው እጄን ያዙኝ።

"ምስጋናው ይቆየን። መጀመሪያ ነጥቧ ከማሳዬ መውጣቷን አሳየኝ።"