ንጉሥ የሆንኩበት ክፍለ ጊዜ

ጅማ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ ሥነ ዜጋ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ስለ ሕገ መንግሥታዊ ዘውዳዊ ሥርዓት ሲሰሙ ያዛጋሉ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አዛጋለሁ። ባለፈው ዓመት ሰለቸኝና ክፍሉን ፓርላማ አደረግሁት። ከአጋሮ የመጣች፣ ክርክር የማትፈራ ተማሪ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነች። ንጉሥ ለመሆን የፈቀደ ግን ጠፋ። ዝም ብሎ መቀመጥ ማን ይወዳል? ወንበር ስቤ ሰሌዳው ሥር እኔው ነገሥሁ።

ሥራዋን አስረዳኋት። ንጉሡ ይፈርማል እንጂ አይወስንም። የሚወስነው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፤ ነገር ሲበላሽ ፓርላማ ፊት ቆሞ መልስ የሚሰጠውም እሱ ነው።

"ታዲያ ንጉሡ ምን ይሠራል?" አለችኝ።

"አርፎ ይቀመጣል" አልኳት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ክርክሩ በቡና ዋጋ ላይ ነበር። ተቃዋሚዎቿ መውጫ አሳጧት፤ ድምፅ ተሰጠና ተሸነፈች። የመልቀቂያ ንግግሯን ጽፌ የሰጠኋት እኔ ነኝ። "መንግሥቴ የሕዝብን አመኔታ አጥቷል፤ ከዛሬ ጀምሮ ሥልጣኔን ለቅቄአለሁ" ይላል። እውነት አስመስላ አነበበችው። አንዱ በስልኩ ቀረጻት።

ቪዲዮው ቴሌግራም ላይ ሲወጣ ክፍሉም፣ ሳቁም፣ ንጉሡም ተቆርጠው ቀርተዋል። እሷና ንግግሯ ብቻ ናቸው ያሉት። ቅዳሜ እዚሁ ጅማ መርካቶ በርበሬ ስገዛ ነጋዴው ስልኩን ዘረጋልኝ።

"ይቺ ልጅ ማን ናት? ማነው እንዲህ ያናገራት?"

"አላውቃትም" አልኩት። ለምን እንደዋሸሁ ያኔ ራሴንም አልጠየቅሁም። ሰኞ ዕለት የግቢው ጥበቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የማያውቃቸው ሁለት ሰዎች የኔን ክፍል ፕሮግራም ጠይቀውት እንደሄዱ ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር ማስተማሬን አቁሜ በመስኮት አጮልቅ ጀመር።

ረቡዕ ዲኑ እኔንና ልጅቷን አስጠራን። አጠገቡ ማንነቱን ያልነገረን ሰውዬ ተቀምጧል። ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አሳየን። የክፍል ልምምድ መሆኑን ዲኑ ሲያስረዳው ሰውዬው አንገቱን ነቀነቀ፤ ማመኑ ይሁን መታዘቡ አይታወቅም።

"ጽሑፉን ማን ጻፈው?" አለ።

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። እናገራለሁ ብዬ አፌን ከፈትሁ። ኮንትራቴ ሊያልቅ ሁለት ወር እንደቀረው ትዝ አለኝ፣ ቤት ውስጥ ያለችው ነፍሰ ጡር ሚስቴ ትዝ አለችኝ። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

"እኔ ነኝ" አለች በመጨረሻ። "ጠቅላይ ሚኒስትሯ እኔ ነበርኩ። ኃላፊነቱ የኔ ነው።"

ሰውዬው ወረቀት አስፈረማት። እኔን ቀና ብሎም አላየኝ። ያን ጊዜ ደስ አለኝ፤ አሁን ስጽፈው ፊቴ ይቃጠላል፣ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ውሳኔው እስኪታወቅ ከትምህርት ታገደች። አባቷ ዕቃዋን ሊወስዱ ከአጋሮ መጡ። በር ላይ ሲያገኙኝ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ገለቶማ፣ መምህር። እርስዎ አብረዋት ባይገቡ ልጄን ምን ያደርጓት ነበር? አላህ ይስጥልን።"

ልጅቷ ባጃጁ ውስጥ ሻንጣዋን አቅፋ ትሰማለች። ቀና ብላ አየችኝ።

"ምንም አይደል" አልኳቸው።