ከጅቡቲ የመጣው አንኳኪ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የባሕር ውኃ በቤቱ የሚያኖር ሰው ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ካለ ይምጣና ያነጋግረኝ፤ የምጠይቀው ብዙ ነገር አለኝ። እኔ ይህን ነገር የጀመርሁት በወንድሜ ነው። ወንድሜ ከጅቡቲ ወደብ ወደ ቡሬ ማዳበሪያ የሚያመላልስ የተሳቢ ሾፌር ነው። አንድ ጊዜ ለጨዋታ ያህል በቢጫ ጀሪካን የባሕር ውኃ ይዞልኝ መጣ። እኔ ደግሞ የተያዘልኝን ነገር ዝም ብዬ አላስቀምጥም።

የመስታወት ሣጥኑን ያሠራሁት በርና መስኮት ከሚሠራ ሰው ዘንድ ነው። መጠኑን ስነግረው «ለዳቦ ነው?» አለኝ። የባሕር ዓሣ ላስቀምጥበት ነው ስለው ቀና ብሎ አየኝና እንግዲያስ ወፍራሙ ይሻላል አለ። ሥራዬ መድኃኒት ቤት ስለሆነ መለካትና መመዘን አይቸግረኝም። የውኃውን ጨው እለካለሁ፣ ሲተን ንጹሕ ውኃ እጨምራለሁ፣ መብራት ሲሄድ አየር የሚነፋውን ትንሽ ሞተር በባትሪ አስነሣለሁ። እናቴ በር ላይ ቆማ ታየኝና «ሰው ውኃ በወረፋ በሚቀዳበት አገር ይቺ ለድንጋይ ውኃ ትቀይራለች» ትላለች። ለእኔ አይደለም የምትናገረው፤ ለቤቱ ነው።

ድንጋይ ያለችው ወንድሜ ከባሕር ዳርቻ እርጥቡን ያመጣልኝን ነው። ባዶ ድንጋይ አይደለም። ላዩ ላይ ሐምራዊ ነገር ይወጣበታል፤ አበባ የሚመስሉ፣ ሲነኳቸው ግን እጥፍ የሚሉ እንስሳት አሉበት። ከድንጋዩ ጋር ሁለት ትንንሽ ዓሦችና ጥቂት ቀንድ አውጣዎች መጥተው ነበር። ዓሦቹ ጠፉ። ቀጥሎ የቀንድ አውጣዎቹ ቅርፊት ተፈረካክሶ አሸዋው ላይ ተገኘ። በጎረቤት ድመት ላይ ሙሉ ሳምንት በከንቱ ዛትሁ።

አንድ ቀን ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ከመስታወቱ ውስጥ «ቋ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። መስታወቱ የተሰነጠቀ መስሎኝ ሮጥሁ። ከድንጋዩ ቀዳዳ ሁለት ዓይን ወጥቶ ያየኛል፤ አንዱ ወደ እኔ፣ ሌላው ወደ ጣሪያው። ርዝመቱ ከጣቴ አይበልጥም። ክንዶቹን ደረቱ ላይ አጥፎ፣ ሰው እንደገላመጠው አዛውንት ተቆጥቶ ተቀምጧል። በስልኬ ስፈልግ ማንቲስ ሽሪምፕ የሚሉት ሆኖ ተገኘ። ከድንጋይ ጋር ተደብቆ ይመጣል፤ ቅርፊት ያለውን ሁሉ በቡጢ እየሰበረ ይበላል። ሲመታ እጁ አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማው። አውጥቶ መጣል ነው የሚል ምክር ብዙ አነበብሁ። አልጣልሁትም። ከዚያ ሁሉ መንገድ፣ በማዳበሪያ መኪና፣ ድንጋይ ውስጥ ሆኖ መጥቶ ጣሉት ይባላል እንዴ? የአማርኛ ስም አላገኘሁለትም። እናቴ አውሬው አለችው፤ በዚያው ጸና።

አውሬውን መቀለብ ቀላል ነበር፣ ፍልሰታ እስኪገባ ድረስ። ከላህ ወንዝ ቀንድ አውጣና ሸርጣን እለቅምለት ነበር፤ ክረምት ሆኖ ወንዙ ሲሞላ ቀረ። ሥጋ ቤቱ ሁሉ ተዘግቷል። ከባሕር ዳር የመጣ ዓሣ በፌስታል ጠቅልዬ ስገባ ጎረቤታችን ደጅ ላይ አገኘችኝ። ዓሣው ደግሞ ይሸታል። «ለአውሬው ነው» አልኋት። «እህ፣ ለአውሬው» አለችና ከንፈሯን መጠጠች። እስከ ቡሄ ድረስ በሰፈሩ የማልጾም እኔ ነበርሁ። እናቴ ተናደደች፤ ግን የተናደደችው በሰው ነው። «ልጄ ትጾማለች፤ የሚበላው አውሬው ነው» እያለች ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ስትናገር ከረመች። ብሶ አረፈው።

አሁን ስለ ቤታችን አንድ ነገር ልናገር፤ ያለዚያ የሚቀጥለው አይገባም። አባቴ ጡረተኛ ነው፤ ትንሽ የሚናገር ሰው። እናቴ እንግዳ ባለበት ሳሎን አትቀመጥም፤ ጓዳ ነው ያለችው። በሳሎንና በጓዳው መካከል ያለው ግድግዳ ኮምፔርሳቶ ነው። እሷ ከወዲያ ሆና የሚባለውን ሁሉ ትሰማለች፤ ሐሳቧን የምትነግረው በጭልፋ እጀታ ነው። አንድ ጊዜ ካንኳኳች «ና፣ ላናግርህ» ነው። ሁለት ጊዜ ካንኳኳች «አይሆንም፣ ሸኛቸው» ነው። አባቴ ቤት ሲሸጥም፣ ወንድሜ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣም፣ ለማኅበር ሲጠየቅም፣ ግድግዳውን ሳይሰማ መልስ ሰጥቶ አያውቅም። ይህ የእኛ ቤት ጉድ ብቻ አይደለም፤ ባላገሩም ከተሜውም ያውቀዋል። እነሱ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲያወሩ ያየሁበትን ቀን ግን አላስታውስም። ሐኪም ቤት ሲሄዱ እንኳ እኔን መሐል አድርገው ነው።

የመስታወት ሣጥኑ የቆመው እዚያው ኮምፔርሳቶ ጥግ ነው። አውሬው ሲያንኳኳ አባቴ ስንት ጊዜ ተነሥቶ ጓዳ ገብቶ «አቤት» ብሎ ተመልሷል። እናቴ በሳቅ ትሞታለች። እሱ አይስቅም።

በጥቅምት ሽማግሌ ተላከብኝ። ሰውየው ቡሬ የሚያስተምር መምህር ነው። የእናቱን የደም ግፊት መድኃኒት ሊገዛ ሲመላለስ ነው የተዋወቅነው፤ ኋላ ኋላ መድኃኒቱ ሳያልቅም ይመጣ ጀመር። ወደድሁት። ይህን ለማንም አስጊጬ አልናገርም፤ ወደድሁት፤ ሌላ ሰው አልፈለግሁም። ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ ቆይቷል፤ የምፈልገውን የማላውቅ ልጅ አይደለሁም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። እንደ ወጉ ተቀመጡ ቢባሉ እምቢ አሉ፤ ጉዳይ አለን ብለው ዱላቸውን ተመርኩዘው ቆሙ። እኔ መኝታ ቤት በሩን ገርበብ አድርጌ እሰማለሁ። ታላቁ ሽማግሌ የቡሬ ሰው ናቸው፤ ነገር ያውቃሉ። የልጁን ዘር፣ ጠባዩን፣ ሥራውን በተራ አነሡ፤ አንድም ቃል አልወደቀባቸውም። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ደኅና ነው፣ እንመካከርና ቀጠሮ እንሰጣለን ሊል እንደሆነ ድምፁ ያስታውቃል። «እንግዲህ መልካም ነው፤ እኛም…» አለ።

ቋ! ቋ!

አባቴ ንግግሩን ገታ። «እኛም… ልጅቱ ገና ናት» አለ።

ገና ናት! ፀጉሬ ላይ ሽበት ነቅዬ የጣልሁ ሰው ነኝ እኮ። ታላቁ ሽማግሌ «ሰማነ» አሉ። ምን እንደሰሙ ለሁሉም ገብቶናል። ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

አባቴ ጓዳ ገብቶ «ምነው ምን ነካሽ? ደኅና ሰዎች ነበሩ» ሲል ሰማሁት። እናቴ «እኔ? እኔ መቼ አንኳኳሁ? አውሬው ነው!» አለች። አባቴ ቁጣው ሁሉ ወደ መስታወቱ ዞረ። ዛሬውኑ ከቤቴ ይውጣ፣ ይደፋ አለ። ለወትሮው የአውሬው ጠበቃ የነበረችው እናቴ አንድ ቃል አልወጣትም። ለመምህሩ ደውዬ ነገርሁት። መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ የቡሬውን ወሬ ነገረኝ። ሽማግሌዎቹ ተቀይመዋል። ታላቁ «በጭልፋ ተመለስነ፤ ሁለተኛ አልሄድም» ብለዋል። ሌላ ሽማግሌ እንዳይልክ እሳቸውን መናቅ ነው፤ እሳቸውን የናቀ ደግሞ ቡሬ ላይ ሚስት አያገባም። «አውሬው ሲያንኳኳ ቅረጪና ላኪልኝ፤ እኔ አሳያቸዋለሁ» አለኝ።

አባቴን ጥቂት ቀን ስጠኝ ብዬ ለመንሁት። ከሥራ እየመጣሁ ስልኬን ደግኜ መስታወቱ ፊት ተቀመጥሁ። አውሬው አልወጣም። የቀዳዳውን አፍ በጠጠር ዘግቶታል። ቀንድ አውጣ አስቀመጥሁለት፤ ሳይነካው ገማ። ሰደብሁት። አንተን ብዬ በሰፈሩ ጾም አፍራሽ ተባልሁ፣ አንተን ብዬ ባል ቀረብኝ፣ ዛሬ ደግሞ ኮራህብኝ አልሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ጠጠሩ ተገፍቶ አየሁ። አውሬው በጀርባው ወድቆ አሸዋው ላይ ተኝቷል፤ ክንዶቹ እንደታጠፉ ናቸው። በማንኪያ አወጣሁት። ለአንድ ጣት ለማያህል ነገር እንዲህ ማዘኔ ራሴንም ገረመኝ። እናቴ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። «እማየ፣ ሞተ» አልኋት።

ቢላዋውን ጣለችው። «ውይ! ውይ እኔን!» ብላ ደረቷን መታች። እኔ ለእኔ ያዘነች መስሎኝ «ተይው እማየ» ማለት ጀመርሁ። እሷ ግን ማንኪያውን እያየች ነበር። «በሐሰት ከስሼው ነው። አንደበት በሌለው ፍጡር ላይ በሐሰት መስክሬ! እኔ ነኝ ያንኳኳሁት፤ እሱ ምን አደረገ?»

ጆሮዬን አላመንሁትም። «ምን አልሽ?»

«እኔ ነኝ። በጭልፋው። እሱማ ያን ቀን ድምፁም አልነበረ።»

ደሜ ፈላ። ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ነው ያየሁት፤ በላዩ ያለው ነገር ብርሃን ያሳልፋል። ውስጡ ባዶ ነው። አውሬው አልሞተም፤ እንደ እባብ ልብሱን ቀይሮ አሮጌውን ቅርፊት ነው የጣለው። አዲሱ እስኪጠነክርለት በሩን ዘግቶ ተኝቶ ነበር፤ በዚያ ጊዜ እንኳን ግድግዳ ሊያንኳኳ ቀንድ አውጣም አይመታም። ይህን ሁሉ አንብቤው ነበር። አንብቤው፣ ዓይኔ እያየ፣ አላሰብሁትም። ለእናቴም ወዲያው አልነገርኋትም። ታልቅስ አልሁ። ተናድጄ ነበር።

«ለምን?» አልኋት። «ምን በደልሁሽ? ልጁ ምን አጎደለ?»

«ምንም። ደኅና ልጅ ነው።»

«እና?»

እንባዋን በክንዷ ጠረገች፤ እጇ ሽንኩርት ነበረው። «አንቺ ቡሬ ስትገቢ እኔ ከማን ጋር ላወራ ነው? ወንድምሽ መንገድ ላይ ነው። ከአባትሽ ጋር በጭልፋ? ዕድሜ ልኬን ግድግዳ ሳንኳኳ ኖርሁ። ማታ ከሥራ ስትገቢ ነው ሰው መሆኔ ትዝ የሚለኝ። ያንን አስቤ እጄ ቀደመኝ።»

አንጀቴን በላችው። ንዴቴም አልጠፋ፤ ሁለቱም አንድ ላይ ነበሩ። አውሬው እንዳልሞተ ነገርኋት። አላመነችኝም። ቀዳዳው ዘንድ ወስጄ በስልኬ መብራት ዓይኖቹን ሳሳያት እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ለአባቴ የነገረችው ራሷ ናት፤ እኔ አልለመንኋትም። ምን እንዳለችው አልሰማሁም፤ በሩን ዘግተው ነበር። ሲወጣ እኔን ሳያየኝ ጋቢውን ለብሶ ባጃጅ ይዞ መናኸሪያ ሄደ። ቡሬ ድረስ ሄዶ ታላቁን ሽማግሌ ራሱ ይቅርታ ጠይቆ መጣ። የሴት ልጅ አባት ሽማግሌ ሲለምን በእኛ አገር ተሰምቶ አይታወቅም።

ሦስቱም ተመለሱ። ተቀመጡ ተባሉ፤ እምቢ ብለው ዱላቸውን ተመረኮዙ። ንግግሩ ካለፈው ያጠረ ነበር። ሲጨርሱ አባቴ ወደ ግድግዳው አላየም። የጓዳውን መጋረጃ ገለጥ አድርጎ «አንቺ፣ ምን ትያለሽ?» አለ።

እናቴ ወጣች። ነጠላዋን እንኳ በደንብ አልተከናነበችም። ሽማግሌዎቹ ግራ ተጋብተው ከወገባቸው ዝቅ አሉላት። «ልጄን ለወደደችው ስጧት» አለች። «እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። አውሬው ከእኔ ቤት አይወጣም።»

እናቴ ያለችው ያለችውን ብቻ ነው። መስታወቱ ወደ ቡሬ እንዳይጫንባት ነው። ጎጃም ላይ ግን ቆሞ ለሚለምን ሽማግሌ የተነገረ ቃል እንዲሁ አይታለፍም፤ ቅኔ አለበት ተብሎ ውስጡ ይፈተሻል። ሦስቱ ተያዩ። አንዱ «አውሬ» እያለ በለሆሳስ ደጋገመው። ሌላው ጣሪያውን አየ። ከኋላቸው፣ በመስታወቱ ውስጥ፣ የተባለው ራሱ አዲስ ልብሱን ለብሶ ተቀምጧል፤ ዞር ብሎ ያየው የለም። እኔ መኝታ ቤት በር ላይ ሆኜ ሳቄን በእጄ አፍኛለሁ።

ታላቁ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሜቴ፣ ገብቶናል» አሉ። «አውሬ ያሉት ብቸኝነትን ነው። ልጅቱ ስትወጣ እሱ ከእኔ ጋር ቤቴ ይቀራል፣ አይወጣልኝም ማለትዎ ነው። እውነትዎን ነው። እኔም ሦስት ሴት ልጆች ድሬአለሁ፤ አውቀዋለሁ።»

ሳቄ እጄ ውስጥ ቀረ። እናቴ የለም ልትል አፏን ከፈተች። አላለችም። ቆማ ፊታቸውን አየች፤ እንባዋ ሰው ፊት ወረደ። አባቴ ሲያያት አየሁት፤ ዓይኑን ከእሷ ላይ አላነሣም።

«እንግዲያስ ተቀመጡ» አለች።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። አባቴ ከግድግዳው ጥግ ሌላ ወንበር አምጥቶ ከራሱ ወንበር ጎን አስቀመጠና «አንቺም ተቀመጭ» አላት።